በልጅነቴ ሆዴ ላይ ጨረር ወስጄ ነበር፤ ከ23 ዓመት በኋላ ኩላሊቴን ሊጎዳው ይችላል?

ጽጌ_27

ሰላም ለሁላችሁም። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ሳነብ ነው የቆየሁት፣ ዛሬ ግን እኔው ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

ዕድሜዬ 27 ነው። ደሴ ነው ያደግኩት፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። የ4 ዓመት ልጅ ሳለሁ ግራ ኩላሊቴ ላይ ዕጢ ወጣብኝ። ዊልምስ የሚባለው የልጆች የኩላሊት ካንሰር ነው። እናቴ ይዛኝ አዲስ አበባ መጣች። ኩላሊቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ከዚያ ኬሞ ጀመርኩ፣ በግራ ጎኔ በኩል ደግሞ ሆዴ ላይ ጨረር ወሰድኩ። ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እናቴ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እያደረች ነው ሕክምናዬን ያስጨረሰችኝ።

ዳንኩ። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ። ካንሰሩን እንደ ልጅነት ኩፍኝ ነበር የማስበው፣ ወጣ፣ አለፈ፣ በቃ ብዬ።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን የጤና ምርመራ ነበር። ግፊቴ 150/96 ሆነ። ልጅቷ ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካችኝ፣ ያው ነው። ሽንቴ ላይ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ተገኘ። የኩላሊት የደም ምርመራዬ፣ ክሬያቲኒን የሚሉት፣ 1.2 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ኖርማል ይላል። ወረቀቱን ይዤ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ጭንቀት ነው፣ ወጣት ነሽ፣ ጨው ቀንሺ" አለኝ። በልጅነቴ ሆዴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ፣ ያለኝም አንድ ኩላሊት ነው ስለው "እሱ አሁን ምን አገናኘው" ብሎ ሸኘኝ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ጎረቤት ነበረችን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ስትሄድና ስትመለስ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ኩላሊት ሲባል ሌላ ነገር አይታየኝም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ጨረር ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ኩላሊት ይጎዳል? ከጎዳስ ምን ይደረጋል? ሌላ በሽታ የለብኝም። ወገቤን ብቻ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያመኛል፣ ለሱ ማስታገሻ እወስዳለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽ ልክ ነው። የተሳሳተው "ምን አገናኘው" ያለሽ ሰው ነው፣ ለዚህ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

በ1996 እንደ ፈረንጆቹ፣ እዚህ ሜሪላንድ የ23 ዓመት ልጅ ሳለሁ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ያዘኝ። አንገቴ፣ ደረቴ፣ ከዚያም ሆዴ ላይ ጨረር ሰጡኝ፣ ጣፊያዬም አብሮ ተመታ። የግራ ኩላሊት አናት ጣፊያ ሥር ነው የተቀመጠው። በዚያን ጊዜ አሠራር ጣፊያው ሲመታ ከኩላሊቱም የተወሰነው አብሮ መመታቱ አይቀርም ነበር።

ለ9 ዓመት ምንም አልነበረብኝም። 2005 ላይ የአውቶቡስ ሹፌር ለመሆን የጤና ምርመራ ሳደርግ ግፊቴ 160/100 ሆነ። ኪኒን ሰጡኝና ሄድኩ። ለምን በ32 ዓመቱ ግፊት ያዘው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም አልነገርኩም፣ ካንሰሩን ማንሳት አልወድም ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ አንዲት አዲስ ሐኪም አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችና "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የወጣው። አልትራሳውንድ ስታሠራኝ የቀኙ ኩላሊት 11.5 ሳንቲ ሜትር፣ የግራው 8 ሆኖ ተገኘ። ጨረር ያረፈበት ኩላሊት ቀስ ብሎ ተኮማትሯል። ግፊቴንም የሚያስነሳው እሱ ነበር።

አሁን 52 ዓመቴ ነው። ሎሳርታን የሚባለውን የግፊት ኪኒን እየወሰድኩ 17 ዓመቴ። ግፊቴ 125/78 አካባቢ ነው፣ ዛሬም እነዳለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ። ይህን የምነግርሽ የጎረቤታችሁን ነገር ስላነሳሽ ነው። ኩላሊቱ ተነካ ማለት ወደ እጥበት ተሄደ ማለት አይደለም። ያኔ ከአንገቴ ጠባሳ ተነስታ የጠየቀችኝ ሐኪም ባትኖር ግን የት እደርስ እንደነበር አላውቅም።

አንድ ነገር አደራ። የሕክምና ወረቀትሽን ፈልጊ። ጨረሩ የት ቦታ ላይ፣ ስንት መጠን፣ በስንት ቀን፣ ኬሞው ምን ምን እንደነበር። እዚህ ይህን አንድ ገጽ ላይ አጠቃለው ይሰጡናል፣ እኔ ስልኬ ውስጥ ፎቶውን ይዤ ነው የምዞረው፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስሄድ እንኳ አሳያለሁ። በልጅነታቸው ካንሰር ታክመው ለዳኑ ሰዎች የተዘጋጀ የክትትል መመሪያም አለ። የአሜሪካው የልጆች ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ግሩፕ ያወጣው ነው፣ ማንም በነፃ ያነበዋል። ሆዱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ግፊቱ በየዓመቱ ይለካ ይላል፣ የኩላሊት የደም ምርመራም አለበት። ይሄ እንግዲህ ምንም ሳያመው ነው።

ሲስተር_ጎፋ

ጽጌ እህቴ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ የምጽፍልሽን እንደ ውሳኔ አትውሰጂው፣ የኩላሊት ስፔሻሊስት ፊት ይዘሽው የምትቀርቢው ጥያቄ አድርጊው።

ሆድ ውስጥ ካሉት አካላት ጨረር በቀላሉ ከሚጎዳቸው አንዱ ኩላሊት ነው። ጉዳቱ ግን ቶሎ አይታይም፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ቢሆን በሳምንታት ውስጥ ይላጣል፣ አንጀት ቢሆን ያስቀምጣል። ኩላሊት ግን ዝም ይላል፣ ሴሎቹ የሚባዙት ቀስ ብለው ስለሆነ። መጀመሪያ የሚጎዳው ደም የሚጣራባቸው የቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ነው። እሱ በጊዜ ብዛት ጠባሳ ይሆናል፣ ደም እንደልብ አያልፍም። ደም ያነሰው ኩላሊት ደግሞ ግፊት የሚያስጨምር ሆርሞን ይለቃል፣ ግፊቱ ዞሮ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳዋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ግፊትና ሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚሆነው። ሕመም የለውም። ሽንት ሲያረፋ ያስተዋለ ሰው ካለ እሱ ዕድለኛ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ላይ፣ ለወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ሙሉ ሆዳቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ወንዶች ነበሩ። አንዳንዶቹ በ6 ወርና በ1 ዓመት መካከል አብጠው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደም አንሷቸው መጡ። ሌሎቹ ደህና መስለው ከርመው ከዓመታት በኋላ በግፊት ተገኙ። ሁለቱም ኩላሊት በ5 ሳምንት ውስጥ ወደ 23 ግሬይ ካገኘ አደጋ እንዳለው የታወቀው ከነሱ ነው። ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። ዛሬ ጨረሩን የሚያቅዱት ባለሙያዎች የሁለቱ ኩላሊት አማካይ ከ15 እስከ 18 ግሬይ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ለዊልምስ በልጅነት ጎን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 10.8 ግሬይ ገደማ ነው። ብዙ አይደለም፣ ያውም ያረፈው ኩላሊቱ በወጣበት በኩል ነው። ግን የልጅ አከርካሪ በአንድ ወገን ብቻ ጨረር ካገኘ ተጣሞ ስለሚያድግ፣ ሆን ተብሎ መሐሉን አልፎ የአከርካሪውን አጥንት በሙሉ እንዲሸፍን ይደረጋል። ስለዚህ የቀኝ ኩላሊትሽ የውስጥ ጠርዝ ትንሽ ሳያገኘው አይቀርም። ኬሞሽ ውስጥ አክቲኖማይሲን ከነበረ ደግሞ የጨረርን ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ አንዱ ኩላሊት ከ4 ዓመትሽ ጀምሮ የሁለት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ወደ ኩላሊቱ የሚሄደው ዋናው የደም ሥርም በጨረር ሊጠብብ ይችላል፣ እሱም ራሱን ችሎ ግፊት ያመጣል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግሽው ነው። ለወገብሽ የምትወስጂው ማስታገሻ ምንድን ነው? ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። እባክሽ። አንድ ኩላሊት ላለው ሰው፣ ያውም ጨረር ለነካው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ጠላት ናቸው። ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ። ፋርማሲ ገብቶ ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ሲብስ ደግሞ ዲክሎ መርፌ መወጋት እኛ አገር እንደ ከረሜላ ሆኗል። እጥበት ክፍል ስንቱን ወጣት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ለወገብሽ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። ወገብሽም የሚያምሽ በዚያው ጨረር ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ጎናቸው ላይ በልጅነት ጨረር ያገኙ ሰዎች የአንድ ወገን ጡንቻቸውና አከርካሪያቸው እኩል ላያድግ ይችላል። እሱንም አንስተሽ ጠይቂ።

ክሬያቲኒን 1.2 ኖርማል ነው የሚለውን ደግሞ ተይው። ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ የኩላሊት አቅም ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ለጡንቻማ ወንድ 1.2 ምንም ላይሆን ይችላል። ባንቺ ዕድሜ ላለች ሴት ሲሰላ ግን የማጣራት አቅምሽ፣ ጂኤፍአር የሚሉት፣ 63 አካባቢ ይሆናል። አንድ ኩላሊት ላለው ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ግን ከፕሮቲኑ ጋር ሲደመር ችላ አይባልም።

ስትሄጂ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንትሽ ላይ የአልቡሚን (ሽንት ውስጥ የሚወጣው ፕሮቲን) እና የክሬያቲኒን ንጽጽር፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ የደም ሥሩን ፍሰት ከሚያሳየው ዶፕለር ጋር፣ ፖታሲየምና የደም መጠን እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ግፊትሽን ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ካረፍሽ በኋላ እየለካሽ ደብተር ላይ ጻፊ። "ጭንቀት ነው" ለሚል ሰው መልሱ ያ ደብተር ነው።

አትፍሪ ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ ዊልምስ የታከሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ለረጅም ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በሽታው በአንድ ኩላሊት ብቻ የነበረና ሌላ አብሮ የተወለደ ችግር የሌለባቸው በ20 ዓመት ውስጥ ወደ ኩላሊት መድከም የደረሱት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም።

አቤል_ተ

ጽጌ አይዞሽ። የሽፈራው ቅጠል አፍልተሽ ጠዋት ጠዋት ጠጪ። አክስቴ ኩላሊቷን እሱ ነው ያጠበላት። ጸበልም ተጠመቂ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።

ሲስተር_ጎፋ

ወንድሜ አቤል፣ ልብህ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ቅጠል ተፈልቶ ሲጠጣ በውስጡ ምን ያህል ምን እንዳለ የሚለካ የለም፣ የሚያጣራው ደግሞ ያው አንድ ኩላሊት ነው። ጽጌ፣ ኮሶም ቢሆን፣ እንቆቆም ቢሆን፣ ዱቄትም ቢሆን ሐኪምሽ ሳያውቅ አትንኪ። ጸበሉን ተጠመቂ፣ እኔም እጠመቃለሁ። ባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ እስኪያስመልስና እስኪያስቀምጥ መቆየቱን ግን ላንቺ አልመክርም፣ ውኃሽ አልቆ ኩላሊትሽ በአንድ ቀን ሊጎዳ ይችላል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ይረዱሻል።

የደብረ ብርሃኗ

የኔ ታሪክ ትንሽ ይለያል ግን እዚሁ ላስቀምጠው፣ አንድ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከ4 ዓመት በፊት የማህፀን በር ካንሰር ተገኘባትና ከሆዷ በታች ጨረር ወሰደች፣ በየሳምንቱ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ ይሰጣት ነበር። ካንሰሩ ጠፋ ተባልን። አምና ክረምት ላይ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ምግብ አስጠላት፣ ያቅለሸልሻታል፣ ሽንቷ ቀነሰ። ክሬያቲኒን 6.8 ሆነ። አንድ ቦታ "ጨረሩ ኩላሊቷን ጨርሶታል፣ እጥበት ወይም ቤት" አሉን። ወንድሜ መሬት ሊሸጥ ተነሳ።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት ግን በመጀመሪያ አልትራሳውንድ አዘዘ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ውኃ ቋጥረው አብጠዋል። ኩላሊቱ አልሞተም! ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱት ሁለቱ ቱቦዎች ናቸው ጨረሩ ጠባሳ አድርጓቸው የጠበቡት። ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊቱን ያፍነው ነበር። መጀመሪያ ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይሆን አጣሩ፣ አልነበረም። ከጀርባዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሽንቱን አወጡት፣ በኋላ በውስጥ በኩል ስቴንት፣ የጠበበውን ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ፣ አደረጉላት። በአንድ ወር ውስጥ ክሬያቲኒኑ 1.6 ወረደ። ስቴንቱ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይቀየራል፣ አድካሚ ነው፣ ወጪም አለው። እናቴ ግን ዘንድሮ የገና ዶሮ ራሷ ሠርታለች።

ስለዚህ ከሆድ በታች ጨረር የወሰደች እናት ወይም እህት ያላችሁ ሰዎች፣ ክሬያቲኒን ከፍ አለ ሲሏችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት አልትራሳውንድ ተሠርቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቱቦው ቶሎ ከተከፈተ ኩላሊቱ ይተርፋል፣ ከቆየ ግን ያልቃል። እኛ ያባከንነው ሁለት ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጽጌ_27

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር፣ ማስታገሻው እንዳሉት ዲክሎፌናክ ነበር። ያን ቀን ማታ ነው ያቆምኩት። ስቆጥረው 6 ዓመት ወስጄዋለሁ፣ አንዳንዴ በየቀኑ። ማንም ጎጂ ነው ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም የወገብ መድኃኒት ከኩላሊት ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጋሼ የሲልቨር ስፕሪንጉ፣ ወረቀቱን በተመለከተ እናቴ ጋ ደወልኩ። "አለ" አለችኝ። ሳጥኗ ሥር፣ ከክርስትና ምስክር ወረቀቴ ጋር፣ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። 23 ዓመት! እህቴ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። 10.8 ግሬይ፣ በ6 ጊዜ፣ የግራ ጎን። ኬሞው ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን። ማንበብ የማትችል ሴት ናት። "ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግን ያንቺ ነው" ነው ያለችኝ።

የኩላሊት ሐኪሟ ፎቶውን አስፍታ አነበበችው፣ ከዚያ ጠቅላላ ታሪኬን ከመጀመሪያ ጀምራ ጠየቀችኝ። አልትራሳውንድ ተሠራ። ቀኝ ኩላሊቴ 12.8 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የሌላውን ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ ተልቋል። የታፈነ ነገር የለም፣ የደም ሥሩም አልጠበበም። አልቡሚኑ ግን 620 ነው፣ መሆን የነበረበት ከ30 በታች ነበር። ጨረሩ ብቻውን ነው ብላ አልፈረደችም። መጠኑ ትንሽ ነበር አለች። ጨረሩ፣ ኩላሊቱ አንድ መሆኑና የ6 ዓመቱ ዲክሎፌናክ ተደማምረው ነው ብላ ነው ያስረዳችኝ።

ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት መድኃኒት 5 ሚሊ ግራም ጀመርኩ። በ10ኛው ቀን ፖታሲየምና ክሬያቲኒን አስደገመችኝ፣ 4.6 እና 1.1 ሆነ። ግፊቴ ዛሬ ጠዋት 132/84 ነው። ደብተሬን ይዣለሁ።

አንድ ነገር ግን እሷን ለመጠየቅ አፈርኩ። ግንቦት ላይ ላገባ ነው። ልጅ እንፈልጋለን። ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት እንዴት ይሆናል?

ሲስተር_ጎፋ

እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ የኔ እህት። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ይህን ነገር ሳታፍሪ፣ ሳትዘገዪ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ንገሪያት፣ ቀጠሮው ከራቀ ቀድመሽ ሂጂ። ኢናላፕሪል ኩላሊትሽን ከሚጠብቁት አንዱ ነው፣ በማህፀን ላለ ልጅ ግን አደገኛ ነው፣ የሕፃኑን ኩላሊት ይጎዳል። ሎሳርታንም እንዲሁ። ስለዚህ ማርገዝ ስትፈልጉ አስቀድመሽ ትነግሪያትና በእርግዝና ወደሚወሰዱት፣ እንደ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ወዳሉት ትቀይርልሻለች። እስከዚያ ድረስ የወር አበባሽ ቢቀር ሳምንት አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ተመርመሪ። በራስሽ ግን መድኃኒቱን አታቋርጪው።

ሌላው፣ ጎናቸው ላይ በልጅነት ጨረር የወሰዱ ሴቶች ይወልዳሉ፣ ግን ልጁ ያለ ቀኑ መምጣትና የእርግዝና ግፊት ከሌላው ሰው ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ክትትልሽ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የማህፀን ስፔሻሊስት ባለበት ሆስፒታል ይሁን፣ የኩላሊት ሐኪምሽም ትወቀው። ያቺን ፎቶ ለሁለቱም አሳዪ። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከያዘሽ ደግሞ፣ በጾምም ይሁን በማንኛውም ጊዜ፣ ኢናላፕሪሉን ለዚያን ቀን ልተወው ወይ ብለሽ ደውለሽ ጠይቂ። የሐኪሟ ስልክ ከሌለሽ ነገውኑ ተቀበያት።

ጽጌ_27

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። እጮኛዬም አብሮኝ ይገባል ብሏል። ፎቶውን እሱም ስልኩ ላይ አስቀምጦታል።